የማይጥለው ሳጥን

ከተራራው ወዲያ ያሉት መንደሮች ኔትወርክ የላቸውም። ወሬያቸውን የሚያደርስላቸው አውቶቡሱ ነው። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አንድ የብረት ሳጥን ታስሯል፤ አውቶቡሱ በየመንደሩ ሲያልፍ ሳጥኑ የሰዉን መልእክት ከየስልኩ ይለቅማል፣ መናኸሪያ ሲደርስ ለትልቁ ሳጥን ያራግፋል። ትልቁ ሳጥን ደግሞ መስመር እስኪመጣለት ይዞ ይቆይና ወደየቦታው ይልካል። መስመሩ ቢበዛ በቀን ሁለት ሰዓት ቢኖር ነው። የቀረው ጊዜ ጥበቃ ነው።

ትልቁን ሳጥን የምትጠብቀውን ሴት ሾፌሮቹ «እትዬ እምቢ» ይሏታል። ስም ሲያወጡ አልሳቱም።

በፊት፣ ሳጥኑ ሲሞላ የቆየውን በራሱ በሚጥልበት ጊዜ፣ አንዲት ሴት ለልጇ የላከችው ቃል አብሮ ተጣለ። ሴትዮዋ የመናኸሪያው ቢሮ መስኮት ስር ቆማ ስታለቅስ ዋለች። እትዬ እምቢ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ በነጋታው የሳጥኑን ባለሙያ አስጠራች።

«ይሄን የሚጥለውን ነገር ዝጋልኝ።»

«እትዬ፣ ሳጥን ሆድ አለው፣ ይሞላል። ቀኑ ያለፈበትን፣ ቅጂው ቀድሞ የደረሰውን ካልጣለ አዲስ አይቀበልም።»

«የሰው ቃል የሽንኩርት ልጣጭ ነው እንዴ የሚጣለው?»

«የሠርግ ቪዲዮም አለበት እኮ። አንዱ ሙሽራ ሰባት ጊዜ ነው የላከው።»

«ደስ ብሎት ነዋ! አንተ ቆመህ ስለቀረህ ያንገበግብሃል።»

ባለሙያው እየሳቀ ዘጋላት። «ሲሞላ ግን በእጅዎ እየመረጡ ማጥፋት አለብዎት» ብሎ አሳይቷት ሄደ። እሷም እሺ አለች፤ ግን አንድም ቀን አላጠፋችም። ጣቷን ቁልፉ ላይ ታደርግና «ይሄስ ቢሆን የማን እንደሆነ ማን ያውቃል» ብላ ትተወዋለች።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እናቷ ታናሽ እህቷ ቤት ታማ ተኝታ ነበር። እትዬ እምቢ ሄዳ አይታታለች። አሮጊቷ እጇን ይዛ፣ «የምነግርሽ አለኝ፣ ዛሬ ግን ትንፋሽ የለኝም። ሳታዪኝ እንዳልሞት» አለቻት። እሷ ሥራዋን ጥላ መቀመጥ አልቻለችም። ከእህቷ ጋር ተስማሙ፦ ሲብስባት እህቷ «ነይ» ብላ ትልካለች፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም።

የእህቷ መንደር ከገደሉ ማዶ ነው። አውቶቡሱ በወዲህኛው አፋፍ ያልፋል እንጂ አይገባበትም። በእግር ወርዶ መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በሽተኛ ጥሎ አይኬድም። ገደሉ ጫፍ ላይ ስልክ ይዞ ከቆሙ ግን መልእክቱ ይሻገራል።

አውቶቡሱ በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል። ሁለት ጊዜ መጣ፣ ከእህቷ ምንም የለም። «ደህና ብትሆን ነው» ብላ ራሷን አጽናናች። በሦስተኛው ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ መስኮቷ ላይ ተደገፈ። ጡሩምባ ስለሚያበዛ «ጡሩምባው» ነው የሚባለው።

«ሳጥንሽ ዛሬም አላስራግፍ አለኝ፣ እትዬ።»

«ዛሬም? ባለፈው ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር! ‹መስመር ሲመጣ ይቀለዋል፣ ይጠብቅ› አልሽኝ።»

ብላዋለች። ትዝ አላት።

«ታዲያ መንደሮቹስ?»

«ምን መንደር አለ? ሙሉ ሳጥን ይዤ ሄጄ ሙሉ ሳጥን ይዤ መጣሁ፤ አንድም መልእክት አልለቀመ። እህትሽን እንኳ አይቻታለሁ።»

«የት?»

«ገደሉ ጫፍ ላይ። ስወጣም ስወርድም እዚያው ናት፤ ስልኳን ከፍ አድርጋ ታወዛውዛለች። ሰላም ያለችኝ መስሎኝ ጡሩምባ ነፋሁላት።»

እትዬ እምቢ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ጡሩምባው ፊቷን አይቶ ቁልፉን ማሽከርከር ተወ።

ከዚያ ማጥፋት ጀመረች። የሙሽራውን ስድስት ቅጂ አጠፋች። ካለፈው ወር የመጣ «ነገ እደርሳለሁ»ን አጠፋች። «ልጄ፣ ለፈተናህ በርታ» የሚል አገኘች፤ ፈተናው ካለፈ ቆይቷል። እሱንም አጠፋች። ቀኑ ሳይመሽ የትልቁ ሳጥን መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ ዞረ፣ የአውቶቡሱም ሳጥን ተራገፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በነጋታው ጠዋት ከሾፌሩ ጀርባ፣ ከባዶው ሳጥን አጠገብ ተቀምጣ ሄደች። ከእህቷ መንደር ትይዩ ሲደርሱ ገደሉ ጫፍ ላይ ማንም የለም። ጡሩምባው እጁን ወደ መሪው መሐል ሰደደና መልሶ ተወው። አፋፉ ላይ አወረዳት።

ገደሉን ወርዳ ወጥታ ስትደርስ እህቷ ደጃፉ ላይ የአሮጊቷን ብርድ ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየቻት፤ አልተነሳችም።

«ዛሬ ጠዋት ቀበርናት፣ እትዬ።»

እትዬ እምቢ ቆመች።

«‹አውቶቡሱ አለፈ ወይ?› ትለኝ ነበር። ‹አልፏል፣ እትዬ ሰምታለች፣ መንገድ ላይ ናት› እላታለሁ። ያ ሾፌር ጡሩምባ ሲነፋልኝ መልእክቴን የወሰደው መስሎኝ!» እህቷ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ሳጥኑ ተበላሽቶ ነው አይደል?»

አዎ ብትል እዚያው ያልቅ ነበር።

«አልተበላሸም። ሞልቶ ነው። እንዳይጥል ያስዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«የሰው ቃል አይጣልም ብዬ።»

«የማን?»

«የሁሉም።»

«የሁሉም» አለች እህቷ ቀስ ብላ። «የሷስ?»

እትዬ እምቢ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ምን ልትነግረኝ ነበር?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ። ስጠይቃት ‹ላንቺ አይደለም› አለችኝ።»

እህቷ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ሰጠቻት። ወዲያና ወዲህ ይዘው ጠመዘዙት፤ ውሃው እግራቸው ላይ ፈሰሰ።