የግራ ቅንድብ

ፎቶ ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው፤ በዚህ በር ገብቶ አስቀያሚ ሆኖ የሚወጣ ሰው የለም። ሕጉን ያወጡት ባለቤቱ ጋሽ ፍላሽ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ላይ ብልጭ ሲያደርጉ ኖረው የገዛ ዓይናቸው ያለ ምክንያት መርገብገብ ስለጀመረ፣ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ሕጉን የምታስፈጽመው ግን ቀለሜ ነበረች። የጋሽ ፍላሽ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ብሩሹም ምላጩም ኮምፒውተሩም ለእሷ አልፈዋል። ብጉር ታከስማለች፣ ሽበት ታጠቁራለች፣ የተንጋደደ ኮሌታ ታቃናለች። አንድ ጊዜማ መንገድ ላይ ተኳርፈው የገቡ ባልና ሚስትን ትከሻ ለትከሻ አስጠግታ፣ ሳይስቁ አስቃ ልካቸዋለች።

«እግዜር የረሳውን እሷ ታስታውሳለች» ይላሉ ጋሽ ፍላሽ ለገባ ለወጣው።

ቀለሜ ይህን ስትሰማ ያልሰማች መስላ አንገቷን ትደፋለች፤ ግን ያን ቀን ቁመቷ አንድ ስንዝር ይጨምራል።

ቤቱ ሌላም ልማድ ነበረው። ኮምፒውተሩ አሮጌ፣ ሆዱም ጠባብ ስለሆነ፣ ያስተካከለችውን ፎቶ የምታስቀምጠው በመጀመሪያው ላይ ነው። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይጠፋል። «አስቀያሚውን ማን ብሎ ይጠይቀናል!» ብለው የፈረዱት ጋሽ ፍላሽ ናቸው፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስም ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

በዚያ ሳምንት የቤቱን ግድግዳ ዙሪያውን ተደግፈው የቆሙት አስራ ዘጠኝ ወታደሮች ነበሩ። ባሕር ማዶ፣ በሰው አገር፣ ሰላም ሊጠብቁ ሄደው አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳሉ ፈንጂ የጫነ መኪና አጥራቸውን ጥሶ ገባ። ገበታው ላይ ከነበሩት የተረፈ አልነበረም። እነሆ ዓመት ሞላቸው፤ ነገ ጠዋት ፎቷቸው በጦር ክፍላቸው አዳራሽ ይሰቀላል። ከመሄዳቸው በፊት ለመታወቂያ የተነሡት እዚሁ፣ ከጦር ሰፈሩ በር ፊት ለፊት በምትገኘው በዚህች ጠባብ ቤት ስለሆነ፣ ፎቷቸውን አሳድጎ ማተም የቀለሜ ሥራ ሆነ። ሦስት ቀን ጎንበስ ብላ ሠርታ፣ በወፍራም ወረቀት አትማ፣ ፍሬም አልብሳ ደረደረቻቸው። የቀራት በአሥር ሰዓት መኪና ይዞ የሚመጣውን ሻምበል መጠበቅ ብቻ ነው።

ሻምበሉ ሳይመጣ ግን ሁለት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው የታጠቁ እናት ናቸው። ከኋላቸው የምትከተለው ልጃቸው የሃያ አምስት ዓመት ያህል ሴት ናት፤ የእናቷን ቦርሳ በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቀረች።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» አሉ እናት፣ ጋሽ ፍላሽንም ጨምረው። «የልጆቹ ፎቶ እዚህ ነው ብለውኝ ነው። የኔም ልጅ አለበት። ነገ በሕዝብ ፊት ድንገት ሳየው እንዳልወድቅ፣ ዛሬ ልየውና ልልመደው ብዬ።»

ጋሽ ፍላሽ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይግቡ እመቤቴ፣ ይግቡ! አይተው ይጥገቡት።»

እናት ከዳር ጀመሩ። እያንዳንዱ ፍሬም ፊት ቆም ይላሉ። «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ በለሆሳስ፤ ጉንጩን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ያልፋሉ። «አንተስ? እናትህ ምን አብልታ እንዲህ አሳደገችህ?» ቀለሜ ከጠረጴዛዋ ኋላ ሆና ታያቸዋለች። የሚያልፉት ሁሉ የእሷ እጅ ነው፤ የጠራ ግንባር፣ የለሰለሰ ጉንጭ። ምርቃቱን እየጠበቀች ነበር።

እናት መጨረሻው ላይ ደረሱ። ዞር አሉና መልሰው እስከ መጀመሪያው አዩ።

«የኔ የለም» አሉ።

«እንዴት ይሆናል?» አሉ ጋሽ ፍላሽ። «አስራ ዘጠኝ ናቸው፤ ቆጥረናል።»

«ቆጥራችሁ ይሆናል። ልጄ ግን የለም። ረስታችሁታል።»

ያን ጊዜ ልጅቷ ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ በአገጯ ወደ ስምንተኛው ፍሬም አመለከተች። «እማዬ፣ ያ ነው። ሁለቴ አለፍሽው እኮ።»

እናት ተመልሰው ስምንተኛው ፊት ቆሙ። ጠጋ አሉ። ራቅ አሉ። «ይሄ? ይሄማ ያማረ ልጅ ነው… የኔ አላማረም ማለቴ አይደለም! ያምራል፣ እሱማ ያምራል። ግን ይሄ የሰው ልጅ ነው። ቅንድቡ የታለ?»

«ጠባሳውን ነው የሚሉት?» ጋሽ ፍላሽ ፊታቸው በራ። «ከሥሩ ነቀልነዋ! የግራ ቅንድቡ መሐሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ አልነበር? ይቺ ናት የገጠመችው። እጇን ይዩልኝ፤ ሙሽራ አላስመሰለችውም?»

እናት ጋሽ ፍላሽን አዩ፤ ቀጥሎ ቀለሜን። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «አንዴ ባሕር ማዶ ወሰደብኝ» አሉ። «ከዚያ የተረፈችኝን መልኩን ደግሞ እናንተ?»

ምላሷ ሁልጊዜ ይቀድማታልና፣ ቀለሜ «እማማ፣ ሰው ሁሉ አሳምሪኝ እያለ ነው የሚመጣው፤ እኔ ምን…» ብላ ጀመረች። አንድ ሰው ግን አሳምሪኝ እንዳላላት ትዝ አላት።

ለመታወቂያ በተነሡበት ቀን ወታደሮቹ በሩን ሞልተው፣ እየተገፋፉና እየተሳሳቁ በየተራ ሲነሡ ነበር። ያ ባለ ጠባሳ ልጅ ቆቡን አውልቆ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ አንገቱን ወደ ኮምፒውተሩ ሰገግ አድርጎ፣ «እመቤት» አላት፣ «የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ ቅንድቤን ግን እንዳትነኪብኝ። እህቴ የፈረመችበት ነው። እሱን ካጠፋሽው ቤት ስመለስ በር አይከፈትልኝም።» ጓደኞቹ አውካኩ። ቀለሜም ሳቀች፣ እሺ አለች፤ ልጁ ሲወጣ ደግሞ ቅንድቡን ገጠመችው። የቤቱ ሕግ ነዋ። ደግሞስ ሰው ስለ ራሱ መልክ ምን ያውቃል? አመሻሽ ላይ ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ ውጭ ያለው መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ያጣድፈው ነበር፤ ፖስታውን ሳይከፍት ኪሱ ከትቶ ሮጠ። አሁን ያ ልጅ መጣ፤ በሩም አልተከፈተለትም። እናቱ ሁለት ጊዜ አለፉት።

«መልሱልኝ» አሉ እናት። «የድሮውን አውጡና ስጡኝ።»

ጋሽ ፍላሽ ቀለሜን አዩ፣ ቀለሜ ኮምፒውተሩን። «የድሮው የለም» አለች ቀስ ብላ። «ጠፍቷል። ቤት የተነሣው ሌላ ፎቶ ካለ፣ እሱን አይቼ…»

«የት ይኖራል!» አሉ እናት። «ካሜራ ሲያይ ቀኝ ጎኑን ብቻ ያዞራል። አለዚያ ቆቡን እስከ አፍንጫው ያወርዳል።»

«በኔ ምክንያት ነው» አለች ልጅቷ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ሰባት ዓመቴ ነበር» አለች፣ ለቀለሜ ነው የምትናገረው። «ደብተሬን ደበቀብኝ። የግቢውን በር ጓጉንቸር ቁልፍ አንሥቼ ወረወርኩበት። ደሙ… ከዚያ ወዲያ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር አልበቀለም። ትምህርት ቤት "ቆራጣ" ሲሉት ነው ያደገው። አንድ ቀን ይቅርታ ብዬው አላውቅም። ስንጣላ እንኳ "ሌላኛውንም እንዳልደግምልህ" ነበር የምለው።» ቦርሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ተዪው እማዬ። ባይመለስ ይሻላል። ዕድሜውን ሙሉ በቆብ ሲሸፍነው የኖረውን፣ ነገ አዳራሽ ውስጥ ለዘላለም ሊሰቀልበት ነው? ቢያንስ አሁን አርፏል። እኔ ያደረግሁት ጠፍቶለታል።»

«አንቺ ልጅ፣ የወንድምሽን መልክ ልትከለክይኝ ነው?»

«መልኩ አይደለም! የኔ ጥፋት ነው!»

ቀለሜ ዝም ብላ መቆም ትችል ነበር። ዝም ብትል ልጅቷ ትረታለች፣ ፍሬሙ እንዳለ ይሄዳል፣ ጋሽ ፍላሽም ነገም «እግዜር የረሳውን» ይላሉ። ክብሯ ሳይነካ ከነሙሉነቱ ይተርፋል። የልጁን ቃል በዚህ ምድር ላይ የያዘ ሰው ግን እሷ ብቻ ናት፤ የሳቁለት ጓደኞቹ በሙሉ እዚህ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አትንኪብኝ ብሎኝ ነበር» አለች።

«ምን?» አለች ልጅቷ።

«ቅንድቤን አትንኪብኝ አለኝ። በአፉ።» ዓይኗን ከጠረጴዛው ላይ አላነሣችም። «እህቴ የፈረመችበት ነው አለ። እየሳቀ ነው ያለው፣ አፍሮ አይደለም፤ እንዲያውም ሲኮራበት ነበር። እሱን ካጠፋሽው ቤት ስመለስ በር አይከፈትልኝም አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ… እኔ የተሻለ አውቃለሁ ብዬ አጠፋሁት። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው።»

ጋሽ ፍላሽ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

ልጅቷ «ፈረመችበት?» አለች። ድምፅዋ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ። «ፈረመችበት አለ?»

«ጓደኞቹ ፊት።»

«ይሄ ደነዝ!» አለች እህት፤ በአንድ ፊት ሳቅም እንባም መጣባት። «ይሄ ደነዝ፣ ለኔ አይነግረኝም? አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ!»

እናት መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ፤ ሌላ የሚሠሩት ነገር ስላጡ ነው። «እንግዲህ» አሉ፣ «ፊርማውን የምታውቀው የፈረመችው ናት። ነይ አሳዪያት።»

ቀለሜ ፍሬሙን ፈታ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። አዲስ ምላጭ አወጣች። «በብሩሽ ብቻ አይሆንም» አለች። «መጀመሪያ ቀለሙ በምላጭ ጫፍ ይፋቃል፣ ነጩ ሲወጣ ነው በብሩሽ የማለዝበው። ወፍራሙ ወረቀት አልቋል፣ እንደገና አላትምም፤ ከሳትኩት መመለሻ የለውም።»

እህት ምላጩን ስታይ ወደ ኋላ አለች። «ደግመን ልናቆስለው?»

«ቀስ ብዬ ነው» አለች ቀለሜ። «አንቺ ቦታውን ብቻ ያዥልኝ።»

ጋሽ ፍላሽ የጠረጴዛውን መብራት ዝቅ አድርገው ያዙ። መብራቱ በእጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሌላኛውን እጃቸውን ደገፉበት። «ግራ ያላችሁት የሱ ግራ ነው የኛ ግራ?» አሉ። ሦስቱም ሴቶች ባንዴ «የሱ!» ብለው ጮኹባቸው።

እናት «የገብስ ፍሬ ታክላለች» አሉ።

«ምን የገብስ ፍሬ! የኔ ጥፍር ታክላለች» አለች እህት። «ወደ ጆሮው ነች። ትንሽ ውረጂ። እንደሱ ቀጥ አታድርጊያት፣ ታችኛው ጫፏ ወደ ውስጥ ታጠፍ ትላለች። ሲስቅ ነበር የምትታጠፈው… ግን እዚህም እየሳቀ አይደል?» ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ አላነሣችውም። ምላጩ ከጥፍሯ ጎን ጎን ትንሽ ትንሽ እየፋቀ ወረደ። ዕድሜዋን ሙሉ ያሠለጠነችውን እጅ ቀለሜ ያን ያህል ፈርታ ይዛው አታውቅም። ከምላጩ በኋላ ብሩሹ ተከተለ፤ አንድ ነጥብ ቡናማ፣ ግማሽ ነጥብ ደግሞ።

ቀና ስትል እናት ከጎኗ ቆመዋል። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው፣ ልጅ ከውጭ ሲገባ እንደሚደረገው፣ ከአገጩ ላይ የሌለ እድፍ ጠረጉ።

«ቆየህ» አሉት።

ሻምበሉ በአሥር ሰዓት ገባ። ወጣት ነው፤ ፈንጂው በፈነዳበት ጠዋት ለስልክ ተጠርቶ ከገበታው ስለተነሣ የተረፈ ነው፣ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። «መኪናው ዝግጁ ነው። ምርጥ ሥራ ነው፣ ሁሉም ያምራሉ» አለ፣ ፊታቸውን ሳያይ። ሲያልፍ፣ ወደ ቦታው የተመለሰው ስምንተኛው ላይ እግሩ ተገታ። «እንዴ!» አለ። «ይሄ እኮ እሱ ነው።»

ቀለሜ «ሌሎቹስ?» አለችው።

«ሌሎቹም…» አለ፤ አሁን በየተራ አያቸው። «ሌሎቹም ቆንጆ ናቸው።»

«ሻምበል፣ ቆንጆ ናቸው ወይ አላልኩም። እነሱ ናቸው ወይ ነው ያልኩት።»

ሻምበሉ ቆቡን አወለቀ። ከውጭ የመኪናው ሞተር ይሰማል። በሩን ገፋ አድርጎ «አጥፋው፣ እንቆያለን» ብሎ ሾፌሩን አዘዘና፣ አስራ ዘጠኙም ተራ በተራ የተቀመጡበት የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ከየት ልጀምር?»

«ከዳር» አለች ቀለሜ፣ ምላጯን እየቀየረች።

«ይሄ ጉንጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረው። እዚህ። ዝንብ አረፈብህ እያልን ነበር የምናበሽቀው፤ የገባ አዲስ ወታደር ሁሉ እሽ! ሳይልለት አያልፍም።» ሻምበሉ ሳቀ፣ መሳቁ ራሱን አስደነገጠው።

ጋሽ ፍላሽ መብራቱን እንደገና አነሡ። እህት የፍሬሙን ጀርባ መፍታት ጀመረች። እናት ግን ሌላ ወንበር ስበው ከሻምበሉ አጠገብ ተቀመጡ።

«እሱ የማን ልጅ ነው?» አሉ። «ስጠይቀው ዝም አለኝ። አንተ ንገረኝ እስቲ፣ እናቱ ምን እያለች ነበር የምትጠራው?»