ድምፅ የሚያጣራው ካሜራ

«ዘመዱ በስክሪን ደብዝዞ የሚታይ በሽተኛ፣ ሐኪሙም ደብዘዝ አድርጎ ነው አሉ የሚያየው።»

አክስቴ ይህን ወሬ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ስትገባ ትለዋለች፣ ስትወጣ ትደግመዋለች። «ማነው ያለው?» ስላት፣ «ሰው ነዋ!» ብላ ታፈጥብኛለች፣ ሰው የሚባለውን እኔ የማላውቀው ይመስል።

አባዬ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ አንደበቱ ተዘግቷል። የተኛበት ክፍል ጠያቂ አያስገባም። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ታብሌት ፊቱ ላይ ትይዝለታለች፤ እኛም በኔ አሮጌ ላፕቶፕ በኩል ፊቱን ብቻ እናያለን። ያለን ይኸው ነው። ካወቀን ይታገላል፣ ካላወቀን ይለቃል ብለናል።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወሬ ላይ የለችበትም። «በርታ እንግዲህ» ትለውና ወደ ስፌት መኪናዋ ትዞራለች። መኪናዋ ደግሞ አንካሳ ናት፦ ተክ ተክ ቀጭ፣ ተክ ተክ ቀጭ። አባዬ የሰፈሩን የስፌት መኪና ሁሉ ሲጠግን ኖሮ የሚስቱን አንድ ቀን አልነካም። «የሰው ይጠግናል፣ የኔ እንደ ጋሪ ይንጓጓል!» ስትለው፣ «ተያት፣ ቤት መኖርሽን በምን ልወቅ?» ይላት ነበር።

እኔን ያሳፈረኝ ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትታየው የራሳችን ምስል ናት። የእማዬ ፊት ውሃ የነካው ፎቶ ይመስላል፤ እኔማ ጥላ ነኝ። የአክስቴን ወሬ አላምንም ብዬ ምዬ ነበር፤ በማግስቱ ግን ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቆሜ ተገኘሁ።

ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና አንድ ሳጥን ገፋ አደረገልኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ካሜራ ፎርኬ ነው፣ ከዚህ የጠራ ምስል የለም። ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂው።»

«ዓይኔን ጨፍኜማ ካሜራ አልገዛም። ፎርኬው ፎቶው ነው። ቪዲዮው እዚህ ጋ፣ ጉንዳን በምታክለው ጽሑፍ፣ ጥራቱ ሰባት መቶ ሃያ ብቻ ይላል።»

«ኧረ! የት ነው የተማርሽው?»

«ያንተ ቢጤዎች ሲያታልሉኝ።»

እውነቴን ነው። የኮሌጅ በር አልረገጥኩም፤ ኮምፒውተር ፈትቼ መግጠምን ያስተማረኝ የተበላሸ ኮምፒውተር ነው። ቤታችን አንድ መስኮት ብቻ ስላለው፣ በደብዛዛ ብርሃን ጥሩ የሚያሳዩትን ለየሁ። ሁለት ቀሩ። ምስላቸው እኩል ነው፤ የአንደኛው ማይክ ግን የሰው ድምፅ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ኳኳታ ይውጠዋል። የእማዬ መኪና ትዝ አለችኝ። ሐኪሞቹ ጋራዥ የደወሉ እንዳይመስላቸው ያንን ወሰድኩ።

ቤት ስገባ እማዬን የክት ልብሷን አስለበስኳት፣ ወደ መስኮቱ አዞርኳት።

«እጄን ምን ላድርገው?» አለች።

«ጉልበትሽ ላይ።»

«ሥራ ፈትቼ ካየኝማ የባሰ ይታመማል!»

«ስፊ በቃ፤ አይሰማም።» ቀድቼ አሳየኋት። የቅንድቧ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል፤ መኪናዋ ግን ትንፍሽ አትልም።

«ውይ፣ ዲዳ አደረግሻት!»

«ጨዋ አደረግኋት።»

«አሁን ገና ሰው መሰላችሁ!» አለች አክስቴ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጥርት ብለን ታየን። አባዬ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀመረ። «አባዬ፣ እየን እንጂ!» እላለሁ። እማዬ «በርታ» ትላለች፣ ትሰፋለች። መብራቱ ዓይኑን ወግቶት ይሆናል ብዬ አምፖል ቀየርኩ። ካሜራውን ከፍ፣ ዝቅ አደረግኩ። አንድ ቀን ነርሷ «እኔ የምለው፣ ያ…» ብላ ልትጠይቀን ስትጀምር ከጀርባዋ ጠሯትና ስክሪኑ ጠፋ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በማይደወልበት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። እማዬ ሳላነሳው አወቀች። እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች፤ እስካሁንም አልመለሰችውም።

ከቀበርነው በኋላ ልብሱን ለመውሰድ ሄድኩ። ነርሷ በስክሪን ከምትታየው አጠር ትላለች። ፌስታሉን ስትሰጠኝ አላስቻለኝም።

«ሲስተር፣ ካሜራውን ከቀየርኩ በኋላ ደህና አድርገን እንታየው ነበር አይደል?»

«ለማን?»

«ለአባዬ ነዋ።»

እጇ ፌስታሉ ላይ ቀረ።

«ማንም አልነገራችሁም እንዴ? አባትሽ እኮ ከመጡ ጀምሮ አያዩም ነበር። እኔ ስክሪኑን ወደ እሳቸው ስለማዞረው አላይም፤ ድምፁ ሲጠፋ የስፌት መኪናውን የሸጣችሁት መስሎኝ… መጀመሪያ ሰሞን ድምፁን ሲሰሙ፣ ጣታቸው አልጋው ብረት ላይ እንዲህ ይል ነበር» አለችና ጠረጴዛውን በጥፍሯ ሁለቴ መትታ፣ ሦስተኛውን ጫር አደረገችው።