አርባ አንድ ስግደት

መስቀሉ እየቀረበ ነው። ቄስ ፊልጶስ ከዳሱ ማዶ ጀምረው ለቀስተኞቹን ሴቶች ሁሉ በተራ ያሳልማሉ። ግንባር፣ ከንፈር፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፤ ግንባር፣ ከንፈር፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»። ትርሲት በዓይኗ ቆጠረች። አራት ሴቶች ቀርተዋል፤ ሦስት፤ ሁለት ሲቀሩ ከአግዳሚው ተነሣችና ገና ግማሹ እንኳ ያልጎደለውን የንፍሮ ሰፌድ አንሥታ «ልሙላው» ብላ ጓዳ ገባች።

ጓዳው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከትናንት ጀምሮ ከመስቀሉ ስትሸሽ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

የቄስ ፊልጶስ ድምፅ ከዳሱ ተሰማ። ቅኔ ቤት ውስጥ የተገራ፣ ሹክሹክታ የማያውቅ ድምፅ ነው።

«ረቡዕ ሰባታቸው ነው። የአባታችን የቄስ ተክለ ማርያም የንስሐ ልጆች የሆናችሁ ሁሉ ከፍትሐቱ በኋላ ወደ እኔ ቅረቡ። ያለባችሁን ቀኖና ጠይቄ እረከባለሁ። አባት የሌለው የንስሐ ልጅ እረኛ የሌለው በግ ነው።»

ትርሲት ሰፌዱን አስቀምጣ ቁጭ አለች።

ቄስ ተክለ ማርያም የተቀበሩት ሐሙስ ነው፤ እሷ የደረሰችው ዓርብ። ከሪያድ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ አጥንት በሚያላላው መንገድ ወገዳ፣ ከወገዳ ደግሞ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የቄሱ ደጅ ስትደርስ ዳስ ተጥሎ አየች። ሰዉ መርዶ ሰምታ የገሠገሠች መስሎት «ሰው ማለት እንዲህ ነው! ከዐረብ አገር ድረስ!» እያለ አመሰገናት። የመጣችው ግን ለለቅሶ አልነበረም። ከኃጢአቷ ልትፈታ ነበር። ኃጢአቷን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሳቸውም አፈር ለበሱ።

ትርሲት ከልጅነቷ ፈሪ ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ስትቀበር ወደ ጉድጓዱ መቅረብ አቅቷት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ታለቅስ ነበር። ቄስ ተክለ ማርያም ቀብሩን አቋርጠው ወጡ። ቁጢጥ ብለው ዓይኗን እያዩ «ፍርሃትሽ ስንት ነው?» አሏት። «ብዙ» አለች። «እንግዲያው እኩሌታውን ለእኔ ስጪኝ፣ የቀረውን አንቺ ያዢ» አሏትና እጇን ይዘው አስገቧት። ያን ቀን የጨበጠችውን ሻካራ እጅ እስከ ዛሬ መዳፏ አልረሳውም።

ዐረብ አገር ስትሄድ ደላላው ፓስፖርቷ ላይ ዘሀራ አስባላት። «ይሄ ክር ከዚህ አያልፍም» ብሎ ማተቧን በመቀስ ቆረጠው። ይህን ያደረጉ ብዙ ናቸው፣ ለእንጀራ ነው ተብሎ ይታለፋል። የትርሲት ነገር ግን እዚያ ላይ አላበቃም።

በሪያድ የምታስታምማት ኡም ሳሊም የምትባል ዓይኗ የደከመ አሮጊት ነበረች። በስግደት ጊዜ የሚደግፋት ስለሚያስፈልግ ትርሲት አጠገቧ ትቆማለች፤ ስትጎነበስ ትጎነበሳለች፣ ግንባሯን ስትደፋ ትደፋለች። መጀመሪያ በፍርሃት ነበር። ሲውል ሲያድር ግን ያ ጸጥታ ደስ ይላት ጀመር፣ ይሄ ደግሞ ከፍርሃቱ ይብስ አስፈራት። አንድ ቀን ምሳ ሲቀርብ እጇ ሳታውቀው ዳቦው ላይ አማተበ። አሮጊቷ ቀና አለች።

«ክርስቲያን ነሽ እንዴ?»

«ወላሂ አይደለሁም።»

ኡም ሳሊም ዳቦዋን ቀስ ብላ አኘከች። «ብትሆኚም አላባርርሽም ነበር። ካንቺ በፊት የነበረችውም ክርስቲያን ነበረች፣ ደግ ልጅ።»

ሰይፍ የመዘዘ አልነበረም። እሳት ያነደደም አልነበረም። ሰማዕታቱ በሰይፍ ፊት ያልካዱትን እሷ በዳቦ ፊት ካደችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አልወርድ አላት።

ስድስት ሳምንት ቆይታ ደወለች። ስልክ የሚይዘው ከቄሱ ቤት በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ቄስ ተክለ ማርያም ስልክ ሲያወሩ በሽቦ ሳይሆን በገዛ ጉልበታቸው ሪያድ ድረስ የሚያደርሱት ይመስል ይጮኻሉ። ያን ቀን ግን ዝቅ አሉ። «እዚህ ከብት የሚጠብቅ ሰው አለ። አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እህ ብቻ እላለሁ።» ነገረቻቸው። «እህ» አሉ። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ እየነፋ ብዙ ጊዜ «እህ» አሉ።

«ስልክ መስቀል የለውም፣ በስልክ አልፈታሽም» አሏት በመጨረሻ። «ሥራው ግን ዛሬ ይጀመር። ሰንበትና በዓላት ሲቀሩ በቀን አርባ አንድ ስግደት፣ አንድ ዓመት። አባት ከልጁ ይካፈላል፤ ሃያ አንዱ ያንቺ ነው፣ ሃያውን እኔ እይዝልሻለሁ። ዓመቱ ሲደርስ ነዪ፤ ክዶ የተመለሰ የሚጠመቀውን ቄደር አጠምቅሻለሁ፣ ከዚያ በመስቀሉ እፈታሻለሁ።»

ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ባለበት ጠባብ ክፍል በሯን ዘግታ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ግንባሯ ወለሉን ሲነካ አፏ የለመደውን፣ ከአሮጊቷ ጋር የሚለውን የዐረብኛ ጸሎት አለ። ትርሲት እንደተደፋች ደርቃ ቀረች። የሰገደችው በየትኛው ቤት ሕግ እንደሆነ፣ የሰማትስ ማን እንደሆነ አላወቀችም። ተነሣችና ከዚያ ወዲያ ደግማ አልሰገደችም።

በጰራቅሊጦስ ሰሞን ደወሉላት። «እየሰገድሽ ነው ልጄ?»

«አዎ አባ።»

ነፋሱ ብቻ ይሰማ ነበር። «እሺ» አሉ። «አይዞሽ። ብቻ ነዪ።»

ለቅሶ ቤት እንባ ቢደርቅ ወሬ አይደርቅም። ሰኞ ከሰዓት ጤፍ ሲያጭድ የዋለው ሰው ላቡን እየጠረገ ወደ ዳሱ ሲገባ፣ ትርሲት ከጀርባዋ የተቀመጡትን ሴቶች ሰማች። ነገሩን የያዘችው ሰብለ ነበረች፤ የቄሱ ጎረቤት፣ ሌላ ሰው ሳያየው ማየት የምትወድ ሴት።

«ዓመት ሙሉ! ከኪዳን በኋላ፣ በሰሜኑ በር፣ ወይራው ሥር። ሐሙስ ዕለትም እዚያው ግንባራቸውን እንደደፉ ነው የቀሩት። ንጹሕ ሰው እንደዚያ ይሰግዳል?»

«ምን አጥፍተው ይሆን?»

«ቄስ ምን ያጠፋል? ሴት ነዋ! ክህነታቸውን አፍርሰው ይቀድሱ ነበር ማለት ነው። ያቆረቡን በምናቸው ነው?»

«ኧረ ሙት አይወቀስም!»

«እኔ መች ወቀስኩ? ሰው ያለውን ነው እንጂ!»

ትርሲት ዞር ብላ ልትጮኽ ፈለገች። ግን አልዞረችም። ያ ስግደት የማን እንደሆነ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ከተናገረች አገር ያውቃታል። ቄስ ፊልጶስ ባለፈው ዓመት በጥምቀት «ማተባቸውን በሪያል የለወጡ» እያሉ የሰበኩትን ስልክ ለስልክ ሲዞር ሪያድ ሆና ሰምታዋለች። ዝም ካለች ደግሞ የሰውየው ስም ከሬሳቸው ጋር ይበሰብሳል። ረቡዕ ቀትር ላይ ከወገዳ የሚነሣ መኪና እንዳለ ጠይቃ አረጋገጠች። ፓስፖርቷ ከቦርሳዋ ሥር ነው፣ የመመለሻ ቪዛዋ ገና አልተቃጠለም።

ማክሰኞ እማማ ቦጋለች ጠሯት። የቄሱ ሚስት ናቸው፤ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸው በአምስት ቀን ውስጥ ግማሽ ሆኗል። ሰው ወደሌለበት ወደ አውድማው ጥግ ወስደው ጭድ ላይ አስቀመጧት።

«አንቺ የንስሐ ልጃቸው ነሽ። ሩቅ አገር ስለኖርሽም የሰፈር ሰው አትፈሪም። እውነቱን ንገሪኝ፣ ሴት ነበረችባቸው?»

«እማማ!»

«አርባ ሦስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ይህን መጠየቄ ለእኔም ሞት ነው። መጀመሪያ ሃያ ነበር የሚሰግዱት። ጉልበታቸው ሲያብጥ በኑግ ዘይት የማሸው እኔ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው 'አደራ ነው' ይሉኛል። ከጰራቅሊጦስ ወዲህ አርባ አንድ አደረጉት። 'ምነው በዚህ ዕድሜ?' ብላቸው 'አብሮኝ የተሸከመው ሰው ደከመ፣ ጥዬበት አልሄድም' አሉኝ።» እማማ ቦጋለች የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጫኑ። «ዓመቱ ሊሞላ አሥር ቀን ቀርቷቸው ነበር። ማነው ያ ሰው? ታውቂያለሽ?»

በጰራቅሊጦስ ሰሞን። «አዎ አባ» ባለችበት ሰሞን። ያን ጊዜ ውሸቷን በድምፅዋ ለይተው አውቀውት ኖሯል። አልተቆጡም፣ አልገሠጹም፤ ስልካቸውን ዘግተው ከጉብታው ወረዱና የእሷን ሃያ አንድ በራሳቸው ላይ ደረቡት። በሰባ አራት ዓመታቸው። ገደልኳቸው፣ አለች በልቧ።

«አላውቅም እማማ» አለ አፏ።

ለዚህኛው ክሕደት ዶሮ እንኳ አልጮኸም። እማማ ቦጋለች ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጭዱን ከቀሚሳቸው አራግፈው ተነሡና ወደ ለቀስተኛው ተመለሱ።

ረቡዕ ጠዋት ሰዉ ሁሉ ለፍትሐቱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ትርሲት ቦርሳዋን አንግባ ወጣች። ወደ ወገዳ የሚወስደው መንገድ የቤተ ክርስቲያኑን ሰሜን በር ታክኮ ያልፋል። አንገቷን ደፍታ ቶሎ ቶሎ ተራመደች። ላለማየት ወስና ነበር፣ ዓይኗ ግን ሄደ።

ከበሩ ውስጥ፣ ወይራው ሥር፣ ሣሩ ተመልጦ መሬቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ጎድጓዳ፣ የጉልበት። ከፊታቸው አንዲት ትንሽ፣ የግንባር። በሰባት ቀን ውስጥ የወይራ ቅጠል ረግፎባቸዋል።

ቆመች። የቀትሩ መኪና አይጠብቃትም። ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ከመቃብሩ ወደዚህ እየመጣ ነበር፤ ከፊት ቄስ ፊልጶስ በእጅ መስቀላቸው፣ ከኋላ በሴቶች የተደገፉት እማማ ቦጋለች። ሰብለም አለች። ከአጥሩ ውጭ የምታለቅሰው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አሁንም እሷ ናት፣ መጥቶ እጇን የሚይዛት ግን የለም።

ቦርሳዋን በሩ ላይ ጣለችና ገባች።

ጉልበቷን በሁለቱ ጎድጓዳ ላይ አሳረፈች። ለእሷ ሰፊ ነበሩ። ግንባሯን ወደ መሬት ስታወርድ አፏ ምን እንደሚል ፈርታ ጥርሷን ነከሰች። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው። ጠበቀች። ምንም አልመጣም፣ የዚያኛውም የዚህኛውም።

«አንድ» አለች።

ቀና ስትል ሰዉ ከቧታል። ግንባሯ ላይ የወይራ ቅጠል ተለጥፏል። ቄስ ፊልጶስ ከፊቷ ቆመዋል።

«ምንድን ነው ይሄ? የማን ስግደት ነው?»

«የእኔ ነው።» አለች። «ድሮም የእኔ ነበር። አባ የያዙልኝ ነው።»

«ምን አድርገሽ?»

«ክርስቲያን ነሽ ወይ ስባል አይደለሁም ብዬ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ፈርቼ። ከዚያ ስገጂ ብለውኝ ሳልሰግድ ሰገድኩ አልኳቸው። እሳቸው ንጹሕ ናቸው። ኃጢአቱ የእኔ ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዲት ሴት አማተበች። ሰብለ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ቄስ ፊልጶስ መስቀሉን ሊያሳልሟት እጃቸውን ዘረጉና መለሱት።

«ገና ነው አባ፣ ስግደቱን አልጨረስኩም» አለች ትርሲት።

«ዘወር በሉላት» አሉ ቄስ ፊልጶስ ወደ ሕዝቡ ዞረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብለው ተናገሩ።

ሰዉ ሲከፈል እማማ ቦጋለች ከደጋፊዎቻቸው ተላቀው መጡ። ትርሲት ይመቱኛል ብላ ዓይኗን ጨፈነች። በጥፊ ቢሏት፣ ቢተፉባት፣ «ባሌን የበላሽው አንቺ ነሽ?» ቢሏት ትክክል ነው። የአሮጊት ጉልበት ሲንቋቋ፣ ሰው ከጎኗ ቁጢጥ ሲል ሰማች። ቆየች። ጥፊው አልመጣም።

ዓይኗን ስትገልጥ እማማ ቦጋለች ባላቸው ግንባራቸውን ካሳረፉባት ትንሽ ጎድጓዳ ላይ የወይራውን ቅጠል በመዳፋቸው እየጠረጉ ነበር። አንድም ሳያስቀሩ ጠረጉት። ከዚያ እጃቸውን ከአፈሩ ላይ አነሡና፣

«ሁለት» አሉ።