ከጠፈር እስከ ዘመመው ምሰሶ

ስሚኝማ ወዳጄ፤ ልጄ ኢያሱ ማስተርሱን ሊጨርስ ነው። ጥናቱ የፀሐይ ኃይልን ጠፈር ላይ ሰብስቦ ወደ ምድር ስለ መላክ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ለመምህራኑ ሊያቀርብ፣ ጠዋት ሲኤምሲ ቤታችን ኮምፒውተሩን ከፍቶ እኔ ላይ ይለማመዳል።

«እማዬ፣ እዚያ ላይ ደመና የለም። ሳተላይቷ ፀሐዩን ሰብስባ በጨረር ትልከዋለች፤ ምድር ላይ የተዘረጋ ሰፊ መረብ ይቀበልና ኤሌክትሪክ ያደርገዋል።»

«ጨረሩ ወፎቹን አይጠብሳቸውም?»

«ኧረ፣ ከቀትር ፀሐይ ይደክማል።»

«ያ ሁሉ ዕቃ በምን ይወጣል?»

«በሮኬት። ውድ ነው፤ ግን ይቻላል።»

«እሺ፣ ከመረቡ እኛ ቤት ድረስስ?»

«በተለመደው መስመር ነዋ!»

«በዚያ ደጃችን ባለው በዘመመው የመብራት ምሰሶ?»

«እማዬ ደግሞ! እሱ የኔ ጥናት አይደለም» ብሎ ሳይጨርስ መብራት ጠፋ።

የኮምፒውተሩ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ጥናቱ ከነሥዕሉ እዚያው ውስጥ ቀረ። ልጄን ላብ አጠመቀው። እኔ ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩና እጁን ይዤ ወደ ጎረቤታችን ወደ አብዱልሐሚድ ሱቅ ሮጥኩ። እሱ ጣሪያው ላይ ሶላር አለው።

«ና ግባ፣ ጠፈርተኛው!» አለው እየሳቀ። «የኔዋ ቅርብ ናት፤ በመሰላል ይወጣባታል።»

ኢያሱ ገመዱን ሰክቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሠራ። መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ሲጨምር አየሁት፤ ርእሱ «ከመረቡ እስከ ቤት» ይላል።

በሰዓቱ ደርሶ አቀረበ። ውጤቱ የሚነገረው ዓርብ ነው። እባክሽ በጸሎትሽ አስቢው፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ምሰሶውንም አትርሺብኝ።