የድንጋይ ሽበት

ዋርዳ ድንጋዩን ጓሮ ቧንቧው ሥር አስቀምጣ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ስትፈትገው ፋዲላ በመስኮት አየቻት። መጀመሪያ ድስት መስሏት ነበር፤ የለቅሶ ቤት ድስት አያልቅም። ከሽቦው ጋር እየተነቀለ ወደ ቱቦው የሚወርደውን አረንጓዴ ነገር ስታይ ግን ወደ ጓሮ ወጣች።

"ዋርዳ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ከዓሣዎቹ የመስታወት ሳጥን ያወጣሁት ነው። ሰው እየገባ እየወጣ፣ እንዲህ ሻግቶ ይታያል እንዴ ብዬ።" ቀና ስትል የፋዲላን ፊት አየችና ሽቦውን ጣለች። "ምነው? ምን ነበር?"

ዋርዳ የፋዲላ ሟች ባል የዒምራን እህት ናት። ወንድሟ ከተቀበረ ጀምሮ ቁጭ አላለችም፤ ምንጣፍ ታራግፋለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ያጠበችውን መልሳ ታጥባለች። እንዲህ ባለ ሰው ላይ አይጮህም። ፋዲላ "ምንም" አለችና ወደ ሳሎን ተመለሰች።

የድንጋይ ሽበት ነበር። ዒምራን ከእንጦጦ ምንጭ አምጥቶ፣ ድንጋዩ ላይ በጥቁር ክር አስሮ፣ ሥር እስኪይዝ ወራት የጠበቀው። ክሩን የሚሰርቀው ከፋዲላ የስፌት ሳጥን ነበር፤ ስትቆጣው ይስቃል።

ባሏ ሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ልቡ ቀጥ ያለውም ተራ ሲጠብቅ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪና ከተራ አስከባሪ ጋር ሲጯጯህ ውሎ፣ ማታ ለሚስቱ የሚተርፈው ቃል ጥቂት ነው። ጫማውን አውልቆ አኳሪየሙ ፊት ይቀመጣል። ፋዲላ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቢያሳፍራትም፣ በዓሣ ቀንታለች። ሽበቱን ሲያስር ግን ይጠራታል። ክሩን ድንጋዩ ላይ ይጠመጥምና "ጣትሽን" ይላታል። ቋጠሮው እንዳይላላ በጣቷ ትይዝለታለች። እስኪያጠብቀው ስለ ቀኑ ያወራታል፤ ቋጠሮው ጨርሶ ባይጠብቅ በወደደች።

ሊሞት ሰሞን አንዷ ዓሣ ወልዳ ነበር። ጫጩቶቹ ከመርፌ ጫፍ አይበልጡም። መደበቂያቸው ሽበቱ ነው፣ የሚለቅሙትም ከእሱ ነው። አሁን ባዶ ውሃ ውስጥ ተበትነው ትልልቆቹ እየዋጧቸው ነው፤ እናታቸው ጭምር። ፋዲላ የሻይ ማጥለያ አንስታ የደረሰችባቸውን ወደ ማርማላታ ጠርሙስ ገለበጠች። ያለ ሽበት ጠርሙስ ውስጥ እንደማይሰነብቱ ዒምራን ነግሯታል። ከእጁ የቀረላት ሕይወት ያለው ነገር ግን እነዚህ ዓሣዎች ብቻ ናቸው፤ እንዲሞቱባት አልፈለገችም።

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሴቶች ተንሾካሾኩ።

"ባሏ አፈር ገብቶ እሷ ዓሣ ታጠልላለች።"

"ተያት፣ ሐዘን ነው።"

አንዷ ጎረቤት፣ በቅን ልብ፣ "ፋዲዬ፣ መርካቶ የፕላስቲክ ሳር ሞልቷል። አይሻግት፣ አይበሰብስ" አለቻት።

ራሷ እንጦጦ እንዳትሄድ ዒዳ ላይ ናት። ባል የሞተባት ሴት የዒዳዋ ጊዜ እስኪያልቅ ቤቷን ትጠብቃለች፤ ለዓሣ ብላ ተራራ ወጣች መባልን ደግሞ ማን ይችለዋል? እንጦጦ ቀበና ካለው ቤቷ መስኮት ይታያል። ማየቱ ነበር ይበልጥ የሚያንገበግባት።

"ከየት ነበር የሚያመጣው?"

አማቷ፣ የዒምራን አባት ጀማለዲን፣ ከለቅሶው ድንኳን ተነስተው በሩ ላይ ቆመዋል። ፋዲላ ደነገጠች። ሽማግሌው እዚያ ሳጥን ላይ ዓይናቸውን ጥለው አያውቁም።

ምክንያቱ የአንድ ዒድ ምሳ ነው። "ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ አንተ ዓሣ ታሳድጋለህ" ብለውት ነበር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ፋዲላ ያን ጊዜ ካስወረዳት ወር አልሞላትም፤ የመጀመሪያዋም አልነበረም። ዒምራን ይህን ለአባቱ ቢነግር ነገሩ ይበርድ ነበር። እሱ ግን በገባችበት ሁሉ ከንፈር እንዲመጠጥላት አልፈለገም። ሩዙን ጨረሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል ሰላምታ እንጂ ጨዋታ አልነበረም።

"ከእንጦጦ ነው፣ አባባ። እንጨት ለቃሚዎቹ ከሚወርዱበት ጥርጊያ ከፍ ብሎ ካለው ምንጭ። ከውሃ በታች ካለው ድንጋይ ላይ ብቻ ነው የሚያነሳው። ዳር የበቀለው ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል ይል ነበር።"

ጀማለዲን ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

በማግስቱ ቁርኣን የሚያነቡት ሲመጡ ሽማግሌው የሉም። ዋርዳ ብትደውል ስልካቸው ትራሳቸው ሥር ጮኸ። ድንኳኑ ውስጥ "ሐዘኑ አናታቸው ላይ ወጣ" ይባባሉ ጀመር። ፋዲላ ጠርሙሱን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ቆየች። አንዳንዶቹ ጫጩቶች ተገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጀማለዲን መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቧል፣ ክርናቸው ተልጧል፣ ራሳቸው ባዶ ነው። ነጩን ኮፊያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ውሃ ያንጠባጥባል።

"ዳር ያለውን አልነካሁም" አሉ።

ኮፊያው ውስጥ ሽበቱ ነበር፣ አረንጓዴ፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ።

"አንዷ እንጨት ለቃሚ ውሃ ውስጥ ስዳብስ አየችኝና 'አባባ፣ ምን ጠፋብዎ?' አለችኝ።"

"ምን አሏት?"

"'ልጄ ነው' አልኳት።"

ዋርዳ የፈተገችውን ድንጋይ ይዛ መጥታ በአማትና በምራት መካከል አስቀመጠችውና ፊቷን ሸፍና ወጣች። ፋዲላ ጥቁሩን ክር ከስፌት ሳጥኗ አወጣች። ጀማለዲን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሽበቱን ድንጋዩ ላይ ዘረጉ። ዕድሜ ልካቸውን የእህል ጆንያ አፍ ሲቋጥሩ የኖሩ ነጋዴ ናቸው፤ አሁን ግን የስፌት ክር ለጣታቸው ቀጠነባቸው። ቋጠሮው አመለጣቸው። እንደገና አመለጣቸው።

"ጣትሽን" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ባሏ ቃሉን ከየት እንዳመጣው፣ ትንሽ ልጅ ሳለ የአባቱን ጆንያ ቋጠሮ ይይዝ የነበረው የማን ጣት እንደሆነ፣ ፋዲላ አሁን ገባት።

ጣቷን ክሩ ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ሳቡት፣ አጠበቁት፣ ትርፉን በጥርሳቸው በጠሱት። ቋጠሮው ካለቀ በኋላም ጣቷን አላነሳችም፤ እሳቸውም አንሺ አላሏትም።