አርፈዋል

ቃሉን የመረጠችው ፀደይ ራሷ ነበረች።

የቆሰበር ከተማ ቤቶች የውሃ ቆጣሪ በኔትወርክ የተያያዘ ጊዜ፣ የማን ውሃ መቼ እንደተቀዳ፣ የትኛው መስመር እንደተዘጋ ፀደይ በምትሠራበት የውሃ ቢሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰፊ ስክሪን መታየት ጀመረ። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ሲስተሙ የሚናገርበትን አማርኛ ለእሷ ተወላት። ዝምተኛ ናት፤ ለቃል ግን ትጠነቀቃለች። ውሃ ሲሄድ «ይወርዳል» አለች። ቧንቧ ሲቀደድ «ያፈሳል»። ቆጣሪው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳይነቃነቅ ሲቀርስ? «ቆሟል» ቢባል ብልሽት ይመስላል፤ «ተቋርጧል» ቢባል ደንበኛ ያስቆጣል። ብዙ ካሰበች በኋላ «አርፏል» ብላ ጻፈች። ሮጦ ሮጦ የደከመ ውሃ ጎኑን ሲያሳርፍ ታያትና ደስ አላት።

ቆጣሪው ግን የተመዘገበው በደንበኛው ስም ነው። በሙከራው ዕለት ስክሪኑ የአንዲት ትልቅ ሴት ስም ጠርቶ «አርፏል» ሲል አልተዋጠላትም። ማሽንም ቢሆን ትልቅ ሰው ማክበር አለበት ብላ ለሁሉም በእርስዎ አደረገችው፤ «አርፈዋል»።

አጠገቧ የሚቀመጠው በዛብህም አይቶት አለፈ። ከቧንቧ ጋር የሚውል ሰው ሁሉን ነገር ውሃ አድርጎ ነው የሚያነበው።

ሲስተሙ ሌላም ሥራ ነበረው። የቆመ ቆጣሪ ሲያገኝ፣ ቧንቧው ተበላሽቶ እንደሆነ ሄዶ የሚያይ ሰው እንዲኖር፣ ደንበኛው በተጠሪነት ላስመዘገበው ዘመድ መልእክት ይልካል። አንድ ቀን ከቀትር በፊት ዳንግላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ለነበረው ለምንይችል መልእክት ገባለት፤ «ወ/ሮ ደብሪቱ እንየው ከትናንት ጀምሮ አርፈዋል»።

ምንይችል የወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ልጅ ነው። መርዶ በሽማግሌ አፍ፣ በማለዳ፣ ሰውን አስቀምጦ በሚነገርበት አገር፣ ሜትር በእጁ እንደያዘ ቆሞ አነበበው። የእናቱ ስልክ ይጠራል፤ አይነሳም። ጎረቤት ደወለ። ጎረቤቶቹ ወደ በሩ ቢሄዱ ተቆልፏል፤ ስልኩ ውስጥ ይጮኻል።

ፀደይ ኡኡታውን የሰማችው ከሥራ ወጥታ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ የክርስትና እናቷ ናቸው። እየሮጠች ስትደርስ በሩ ተሰብሮ፣ ስልኩ አልጋው ላይ ተገኝቷል፤ ሴትዮዋ ግን አልተገኙም። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወንድማቸው ውዱ ዘንድ ድንች ሊያስለቅሙ እንደወረዱ አንዷ አስታወሰች። «እንግዲያ እዚያው ነው የወደቀችው» ተባለ። ሬሳውን የሚያመጡ ሰዎች በፈረስ ተላኩ። እድሩ ድንኳኑን በቀርከሃ አቆመ፤ ሴቶቹ ከደብሪቱ ቧንቧ በርሜል ሙሉ ውሃ መቅዳት ጀመሩ። ለቅሶ ከተነሳ ማን ያስቆመዋል?

ፀደይም ስታለቅስ ቆየች። ከዚያ ከዳንግላ የደረሰው ምንይችል ስልኩን ለአንድ ሽማግሌ ሲያሳይ በትከሻው በላይ አሻግራ አነበበች። የራሷ ቃል ነበር።

«ውሃው ነው!» አለች። ድምጿ ድሮም ትንሽ ነው። «ምንይችል፣ ውሃው ነው ያረፈው!»

«አይ ልጄ፣ አይ ልጄ» አለች አንዲት አልቃሽ አቅፋት። «ልብሽ ነው የሚናገረው፤ አልቅሽ፣ አልቅሺው።»

የደብሪቱ ታናሽ እህት ሸጋ ፊቷን ትቧጭራለች፤ ሙሾዋን አንዴ በአማርኛ አንዴ በአገውኛ ታወርዳለች። ፀደይ ሁለቴ ተነሳች፤ ሁለቴም ጎትተው አስቀመጧት። ለሦስተኛው ስትነሳ ድንኳኑ በር በኩል ያለው ለቅሶ ድንገት ተቆረጠ። ዝምታው እየተቀባበለ ወደ ውስጥ ገባ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ በሩ ላይ ቆመዋል። በእጃቸው ድንች የያዘ ኩርፌ አለ፤ የተላኩት ፈረሰኞች በመንገድ ተላልፈዋቸው ኖሯል።

አንድም ሰው እልል አላለም። አንዷ ሴት አማተበች። ምንይችል እግራቸው ላይ ሲወድቅ እንኳ፣ እግር መሆኑን ሊያረጋግጥ ይመስል በመዳፉ ጨበጠው።

*

በማግስቱ ከተማው ሲስቅ ዋለ። በዛብህ ፀደይን «መርዶ ነጋሪዋ» ብሎ ስም አወጣላት።

«አለቃ የውሃ ሂሳብ ጨምሯል ብሎ ሲጠራኝ፣ አርፈዋል በይልኝ እሺ?»

ፀደይ አልሳቀችም። ቃሉን የዚያኑ ጠዋት ቀይራዋለች፤ «ውሃ አልተቀዳም»። ደረቅ ነው፣ ማንንም አይገድልም። ግን ሳምንት ሙሉ ስክሪኑ ላይ፣ በወይዘሮ ደብሪቱ ስም አንጻር፣ ያው «ውሃ አልተቀዳም» ብቻ ሆነ። የለቅሶው ዕለት ሴቶቹ ሲቀዱ ወደ ላይ የተተኮሰችው ሰማያዊ መስመር አለች፤ ከዚያ ወዲያ ጠፍጣፋ ነው። ፀደይ ስታየው ቃሉን የቀየረችው ስክሪኑ ላይ ብቻ እንደሆነ ተሰማት። የተናገረችው ነገር ወጥቶ ሄዷል፤ እቤታቸው ገብቶ ተቀምጧል። ካላስወጣችው እውነት ይሆናል ብላ ፈራች።

ቅዳሜ ሄደች። ጉም የቀርከሃ አጥሩን እስከ ግማሹ በልቶታል። ወይዘሮ ደብሪቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቧንቧው ሥር ያለው ድንጋይ ደርቋል።

«እንዴት ዋሉ እማማ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፣ አንዴ ሆኛለሁ» አሉና ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ነይ ተቀመጭ። አንቺ እንኳ አታማትቢም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ነኝ ቃሉን…»

«ነገሩኝ። በእርስዎ ብለሽ አክብረሽ ነው የገደልሽኝ አሉ። ባለጌ ብትሆኚ ኖሮ እተርፍ ነበር።»

ፀደይ አንገቷን ደፋች።

«ውሃ ለምን አይቀዱም?»

«ሸጋ ከምንጭ ታመጣልኛለች። ፊቷን አይተሽዋል? ጭረቱ አልሻረም። በመጣች ቁጥር ሞቴን ፊቷ ላይ ይዛልኝ ትመጣለች።» ወደ ፀደይ ጠጋ አሉ። «ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ልንገርሽ። ያን ዕለት እንደደረስኩ አልገባሁም። ከድንኳኑ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። በአማርኛ ሲያለቅሱልኝ ሌላ ሴትዮ መሰለችኝ፤ ደግ፣ ለጋስ፣ ምንም የማይወጣላት። እህቴ በአገውኛ ስታለቅስ ግን እኔው ነኝ። ክፋቴንም ሳትተው። እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! መግባቴን ጠላሁት። ገባሁና እንግዳ ሆንኩ። አሁን የገዛ ቤቴን በር ስከፍት ቤቶች ማለት ይቃጣኛል።»

«እንዲህ አይበሉ፣ በጊዮርጊስ!»

«ያ ማሽናችሁ አሁንም ያየኛል?»

«እርስዎን አያይም። ውሃውን ብቻ ነው።»

«እንግዲያ መሞቴን ማን ነገረው?»

ፀደይ ከትንሿ ድምጿ ውስጥ የቀረውን አሰባስባ፣ «እማማ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ጀሪካን ይቅዱ። ለእኔ ብለው። እዚያ ሆኜ አይዎታለሁ» አለች።

«እና ምን ትያለሽ?»

«እንዴት አደሩ እላለሁ።»

አሮጊቷ ቧንቧውን አዩት። «ካስቀደስኩ በኋላ ነው የምቀዳው» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ በፊት ብትጠብቂኝ ራስሽ ታውቂያለሽ።»

*

ቀዱም። ጠዋት ፀደይ ወንበሯን ስባ ስትቀመጥ፣ ጠፍጣፋው መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ጉብታ ብቅ ትላለች፤ ጀሪካን ሞልቶ እስኪዘጋ ድረስ ቆይታ ትወርዳለች። «እንዴት አደሩ» ትላለች ፀደይ፣ በከንፈሯ ብቻ። በዛብህ መጀመሪያ ቀለደ፤ ኋላ ኋላ ግን ጉብታዋ ከዘገየች እሱም አንገቱን ማስገግ ጀመረ።

«ዛሬ ቅዳሴው ረዘመ መሰለኝ» ይላል።

ውሃ በፈረቃ ሲዘጋ ብቻ ነበር የሚጨነቁት። መስመሩ ተዘግቶ ሲለቀቅ አየር ቀድሞ እየገፋ ቆጣሪውን በከንቱ ያዞረዋል፤ ስክሪኑ ውሃና አየርን አይለይም። ፀደይ ግን የደብሪቱን ጉብታ ከአየር ትለያለች። አየር ዘሎ ይወድቃል፤ እሳቸው ቀስ ብለው ነው የሚከፍቱት፣ ቀስ ብለው ነው የሚዘጉት።

ክረምቱ አልፎ፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል አልፎ፣ ጉሙ ሲሳሳ፣ ሴትዮዋ ከሰው መቀላቀል ጀምረዋል ተባለ። ማኅበር ላይ ተቀምጠው «እኔ ከመሞቴ በፊት» እያሉ ሲያስቁ ፀደይ ራሷ ሰማች። ያስወጣችው መሰላት።

አንድ ማለዳ ጉብታዋ በሰዓቷ መጣች። ፀደይ «እንዴት አደሩ» አለች። ጉብታዋ ግን አልወረደችም። ጀሪካን የሚሞላበት ጊዜ አለፈ፤ መስመሯ ወጣች፣ ወጣች።

«እሰይ!» አለ በዛብህ። «ዛሬ ጠላ ሊጠምቁ ነው። ጥሪ አለን።»

ፀደይም ፈገግ አለች። ጋቢ እያጠቡ ይሆናል፤ ቅበላ ቀርቧል። ስክሪኑ «ብዙ ውሃ እየተቀዳ ነው» የሚል ቢጫ ማስጠንቀቂያ አወጣ። መስመሯ ትንሽ ዕረፍት ታደርጋለች፣ አንድ ዕቃ ተነስቶ ሌላ እስኪቀርብ ያህል፤ ከዚያ እንደገና ትወጣለች። አከፋፈቱ ደግሞ ቀስ የሚል አይደለም። የቸኮለ እጅ ነው። አንድ እጅም አይደለም።

ይህን ቅርጽ አንድ ጊዜ አይታዋለች።

ወደ ኋላ ገልጣ የዚያን የውሸት ለቅሶ ዕለት መስመር ከጎኑ አቆመችው። መንታ ናቸው።

ተነሳች። ወንበሩ ላይ የነበረውን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«ወዴት ነው?» አለ በዛብህ።

«ለቅሶ።»

«የማን? ስልክሽ እንኳ አልጮኸ! ማን ነገረሽ?»

ባጃጅ አልጠበቀችም። ስትደርስ ድንኳኑ ገና አልቆመም፤ ቀርከሃው መሬት ላይ ነው። ሴቶች ቧንቧው ላይ ተሰልፈው በርሜል ይሞላሉ። ሸጋ አታለቅስም፤ ግድግዳ ተደግፋ አፏን ይዛለች። ወይዘሮ ደብሪቱ ትናንት ማታ ደህና ተኝተው፣ ለቅዳሴ ሳይነሱ ቀሩ። ምንይችል ከዳንግላ አሁን ገና ደርሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ ተለወጠ።

«አሁንስ ማን ነገረሽ? ለማንም አልደወልኩም። ለቅሶ አታንሱ፣ መጀመሪያ በዓይኔ ልይ ብዬ ነው የከለከልኳቸው። ማን ነገረሽ?»

ፀደይ ቧንቧውን አየች። ምንይችልም ወደምታይበት ዞሮ አየና፣ በሩን ለቀቀላት።

*

ሰልስቱ ወጣ። ድንኳኑ ተነሳ፤ በሩ ተቆለፈ፤ የቧንቧውን እጀታ ምንይችል ነቅሎ ወሰደው። መስመሩ እንዲዘጋም አመለከተ። ማመልከቻው ፀደይ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሥራው ቀላል ነው፤ ስሙን ነክቶ «ዝጋ» ማለት። የመስመሩ መዝጊያ ቫልቭ እዚያው አጥር ሥር በራሱ ይቆለፋል።

በማግስቱ ማለዳ፣ ቅዳሴ በሚወጣበት ሰዓት፣ ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ሳለ ሰማያዊዋ ጉብታ ብቅ አለች። ቀስ ብላ ወጣች። ጀሪካን የሚሞላበትን ያህል ቆየች። ቀስ ብላ ወረደች።

በዛብህ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ሲተነፍስ ሰማችው።

«አየር ነው» አለ። «ትናንት በፈረቃ ተዘግቶ ነበር። አየር ነው አይደል?»

ፀደይ ጣቷን ከስሙ ላይ አነሳች።

«እንዴት አደሩ» አለች፤ በዚህ ጊዜ ድምጿ ተሰማ።