በናፍቆት የሞተችው ልጅ

ደምመላሽ ጅማ ውስጥ ታሪክ ያስተምራል፤ ከትምህርት ቤት መልስ ልብ ወለድ ይጽፋል። የጻፈው ሁሉ ያሳዝናል። የተሳካ ፍቅር ምኑ ይጻፋል ባይ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ዓመት ሰናይት የምትባል የሥራ ባልደረባው አወቱ መንደራ ሰፈር ባለ የቡና መጋዘን ውስጥ ቡና ለሚለቅሙ ሴቶች ፊደል ታስተምር ነበር። አንድ ቀን፣ «መጥተህ ልብ ወለድህን አንብብላቸው» አለችው። ሰናይትን እምቢ ማለት አይችልም። ለምን እንደማይችል ግን ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ሴቶቹ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው እየለዩ አዳመጡት። በታሪኩ ውስጥ አንድ ወጣት በየቀኑ በሚወዳት ልጅ ደጃፍ ያልፋል፤ ትንፍሽ አይልም። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ትሞታለች። ደምመላሽ ድምፁ እየተቆራረጠ አንብቦ ቀና ሲል ያለቀሰ የለም።

«ምን ሆና ነው የሞተችው?» አለች የሁሉም ታላቅ የሆነችው ዙቤይዳ።

«በናፍቆት ነዋ፣ እትዬ።»

«ወላሂ መምህር፣ እኔ ሁለት ባል ቀብሬያለሁ፤ ናፍቆት አልገደለኝም። የሚገድለው ወባ ነው።»

መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ።

«ሰውዬውስ ለምን አይነግራትም?»

«ከነገራትማ ታሪኩ እዚያው ያልቃል።»

«ይለቃ። ልጅቷ ትተርፋለች።»

ሰናይት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ደምመላሽ መጀመሪያ ከፋው። ስንት ዓመት የደከመበት ሐዘን በአንድ ቃል ተናደ። አብረው ሲወጡ ግን እሱንም ሳቅ ያዘው፤ ከዚያ ቆም አለ።

«ሰናይት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ለልብ ወለዱ ነው?»

«አይደለም።»

ነገራት። እሷም ትንሽ ከተራመደች በኋላ፣ «ታዲያ የጠራሁህ ለምን መሰለህ?» አለችው።

የልብ ወለዱን ልጅ ከሞት ሊያስነሳት ብዙ ሞከረ፤ አልሆነለትም። መጽሐፉ ሐዘኑን ይዞ ቀረ። እሱ ግን አገባ።

የሰናይት ወላጆች የሚኖሩት ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው አሰንዳቦ ነበር። ሚዜዎቹና ለቃሚዎቹ በጭነት መኪና ሙሽራዋን ይዘው ሲመለሱ ኬላ ላይ አስቆሟቸው። ዘበኛው የኮንትሮባንድ ቡና ደብቃችኋል ብሎ ሁሉንም አስወረደ። ወንበሩን አስነሳ፣ ጎማውን ነካካ፣ ከበሮውን ሳይቀር ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀ። ዙቤይዳ ከበሮውን ከእጁ ተቀብላ መታች። ሚዜዎቹ የሰናይት እናት ሲሸኟቸው ያወጡትን የአማርኛ ዘፈን ጀመሩ፤ ለቃሚዎቹ በኦሮምኛ ተቀበሉ። ደምመላሽ አዲስ ኮቱ አቧራ ለብሶ መንገድ ዳር ቆሞ፣ የሰው ልጅ እንዴት ያለ ጉደኛ ፍጥረት ነው ሲል አሰበ። ሰናይት ክንዱን ስትስበው ገብቶ ጨፈረ። ዘበኛው ጥቂት ሲያያቸው ቆየና ጠመንጃውን የኬላው ግንብ ላይ አስደግፎ ማጨብጨብ ጀመረ።